ለጤና ሚኒስቴርና ለትምህርት ሚኒስቴር፦ ስለ አብሮ አደጌና በየክፍሉ ስላሉት ልጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የሁለቱ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ክፍል በአንድ ዴስክ አብራኝ የተማረችውንና ባለፈው ክረምት ከጉሮሮ ሕመም በሚነሣ የልብ ሕመም (ሐኪሞች «ሩማቲክ የልብ ሕመም» በሚሉት) የተለየችንን ጓደኛዬን ለማሰብ ነው። ከእርሷ ጋር አብሬ የማነሣው ጥያቄም አለኝ፤ እርሷን የነጠቀን ሕመም ዛሬም በየትምህርት ቤቱ ልጆችን እየያዘ ስለሆነ፣ ሁለታችሁ ተባብራችሁ ልትከላከሉት የምትችሉት ነገር ስለሆነም ነው። ስሟን አልጠቅስም። ቤተሰቦቿ ሐዘናቸውን በቤታቸው መያዝን መርጠዋልና ፈቃዳቸውን አከብራለሁ፤ የሚያውቋት ግን ከምጽፈው ይለዩዋታል።

ያደግነው ደሴ ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር በዳገትና በቁልቁለት ላይ የተሠራች፣ ክረምቷን ጭጋግና ብርድ የማይለያት ከተማ ናት። በክፍላችን ከሰባ በላይ ተማሪዎች ነበርን፤ በአንድ ዴስክ ሦስት አንዳንዴም አራት ሆነን ተጣብቀን እንቀመጥ ነበር፤ መስኮቱም ብርዱን ለመከላከል ተዘግቶ ይውላል። እርሷ የምትቀመጠው በመስኮቱ በኩል ነበር። ክፍልፋይ የሚባለው የሒሳብ ትምህርት ለብዙዎቻችን አልገባ ባለበት በአምስተኛ ክፍል፣ በእረፍት ሰዓት ከኪሷ የገብስ ቆሎ አውጥታ በደብተሯ ሽፋን ላይ ትደረድርልኝ ነበር። ሁልጊዜ የምትቆጥረው አሥራ ሁለት ፍሬ ነው፤ ለሦስትም ለአራትም እኩል ስለሚከፈል። «ይኼ ሲሶው፣ ይኼ ሩቡ፤ በይ አሁን ሁለቱን ደባልቂና ከአሥራ ሁለቱ ስንቱ እንደሆነ ንገሪኝ» ትለኛለች። ካወቅሁት ቆሎው የእኔ ነው፤ ከሳትሁ ሳትሰለች እንደገና ትደረድረዋለች። መምህር እንደምትሆን ከእኛ መካከል ያልጠረጠረ አልነበረም።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ጉሮሮዋን አመማት። ምራቋን ለመዋጥ እስክትቸገር ድረስ ትኩሳት ይዟት ከትምህርት ቤት ቀረች። በቤት ያሉ አዋቂዎች «እንጥሏ ወርዶ ነው» አሉ፤ በአገሩ ልማድ የሚደረገው ሁሉ ተደረገላትና ከሳምንት በኋላ ተሽሏት መጣች። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ጉልበቷ አበጠ፤ ጉልበቷ ሲሻላት ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ፣ ከዚያም ወደ ክርኗ። «ብርድ መቷት ነው» ተባለ። እንደ ደሴ ባለ ከተማ ይህን ማሰብ የሚያስወቅስ አይደለም። እብጠቱም በራሱ ጊዜ ጠፋ፤ ሁሉም ሰው እፎይ አለ።

ሐኪሞች በኋላ ለቤተሰቧ እንዳስረዱት፣ በጉሮሮ ላይ የሚወጣውን ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ በአንዳንድ ልጆች ላይ ጠላቱን ከወዳጁ ሳይለይ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። ይህ በብዛት የሚደርሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉት፣ ማለትም በትምህርት ቤት ዕድሜ ላይ በሚገኙ ልጆች ነው፤ የሚበረታውም ሰዎች ተጨናንቀው በሚኖሩበትና በሚማሩበት ቦታ ነው። የመገጣጠሚያው እብጠት ጠባሳ ሳይተው ይለቃል። ደሙን ወደ አንድ አቅጣጫ በሚያሳልፉት የልብ በሮች ላይ፣ በተለይም በግራ በኩል ባለው ላይ የሚቀረው ጠባሳ ግን አይለቅም፤ ጉሮሮው በተደጋጋሚ በታመመ ቁጥርም እየከፋ ይሄዳል። ሕዝባችን «ቶንሲል ልብ ላይ ይወጣል» የሚለው ከዚህ እውነት የራቀ አይደለም። ያልተያያዘው ነገር ቢኖር ይህ የሕዝብ ዕውቀትና ለታመመው ልጅ በጊዜው ሊሰጠው የሚገባው መድኃኒት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ሳስብ በዓይኔ የሚመጣው ወደ ትምህርት ቤታችን የሚወስደው ዳገት ነው። ግማሽ ላይ ስንደርስ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ታስር ነበር። ማሰሪያው ግን አልተፈታም ነበር። ትንፋሿ እስኪመለስ ሰው እንዳያይባት ያበጀችው መላ ነው። የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሜዳውን ስንዞር ከሁሉም ኋላ ትቀራለች፤ «ሰነፍ» ትባላለች፤ ተማሪውም ይስቅባታል። መምህራችንን ዛሬም አልወቅሰውም። ከእኩዮቿ ተለይታ ቶሎ የምትደክም ልጅ ወደ ጤና ባለሙያ መላክ እንዳለባት በሥልጠናው ላይ ማንም አልነገረውም። እኔ የምጠይቀው ዛሬ የሚሠለጥኑት መምህራን ይነገራቸው እንደሆነ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ላይ ሌሊት መተኛት አቅቷት ትራስ ደራርባ ተቀምጣ ማደር ስትጀምር ነበር ወደ ሆስፒታል የተወሰደችው። የማዳመጫ መሣሪያውን ደረቷ ላይ ያሳረፈው ሐኪም ወዲያው አወቀው፤ በልብ አልትራሳውንድ ሲታይም የልቧ በር መጥበቡ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ጉሮሮዋ ዳግም ታሞ ልቧን እንዳያብስባት በየ28 ቀኑ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የተባለውን መርፌ መወጋት ጀመረች። መድኃኒቱ ነጭና ወፍራም ነው፤ ሲገባም ከገባ በኋላም ያማል። የሚቀጥለውን ቀጠሮ በደብተሯ የኋላ ሽፋን ላይ እየጻፈች ያለፈውን በቀይ እስክሪብቶ ትሠርዘው ነበር። በተወጋች ማግስት በአንድ ጎኗ ተቀምጣ ስለምትጽፍ እኔ ወደ ዳር ተጠግቼ ቦታ እለቅላታለሁ። ስለ ሕመሟ ያወራነው ጥቂት ነው። እርሷ ማውራት የምትወደው ስለ ትምህርት ነበርና።

በደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተምራ በደቡብ ወሎ ደጋ በሚገኝ የገጠር ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ደረጃ መምህርት ሆነች። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ከባልደረቦቿ የሰማሁትና አንድ ጊዜ ልጠይቃት ሄጄ በዓይኔ ያየሁት ነው፤ የዚህ ደብዳቤ ዋና ነገርም እርሱ ነው።

ጠዋት የተማሪዎቹን ስም ከጠራች በኋላ «ጉሮሮውን የሚያመው አለ?» ብላ ትጠይቃለች። እጁን ያወጣውን ልጅ ወደ በሩ ብርሃን ትወስደዋለች፤ «አፍህን ክፈት፣ ምላስህን አውጣ» ብላ በሞባይሏ መብራት ታየዋለች፤ የእጇን ጀርባ ግንባሩ ላይ አድርጋ ትኩሳቱን ትፈትሻለች። እርሷ ሐኪም እንዳልሆነች ታውቃለች፤ መድኃኒትም አትሰጥም። የደብተር ወረቀት ለሁለት ቀድዳ በግማሹ ላይ ለወላጅ ትጽፋለች፤ ልጁ ጉሮሮውን እንደታመመ፣ ትኩሳት እንዳለው፣ ዛሬውኑ ወይም ነገ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት፣ የጤና ባለሙያው ያዘዘለትን መድኃኒትም ልጁ ቢሻለው እንኳ እንዳያቋርጡ። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ልጁ ራሱ እንዲያነብላቸው ፊደሉን አጉልታ፣ ቃሉን አቅልላ ትጽፈዋለች። የገበያ ቀን የሆነ እንደሆነ ወላጆች ያጉረመርማሉ፤ «ለጉሮሮ ብለን ሥራ እንፍታ?» ይሏታል። እርሷም የራሷን ታሪክ ትነግራቸዋለች። ይህን ስትነግር ቆሜ ሰምቻታለሁ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ እንዲያዝኑላትም አልፈለገችም፤ ጉሮሮዋን ያመማት በስንት ዓመቷ እንደነበረ፣ ጉልበቷ መቼ እንዳበጠ፣ ልቧ መቼ እንደታወቀ በተራ በተራ ነገረቻቸውና ዝም አለች።

ለሌሎች ልጆች እንዲህ የምትጠነቀቀው መምህርት የራሷን መርፌ በየወሩ ማግኘት አልቻለችም። በከተማ ሳለች የማይቋረጠው ክትትል ወደ ገጠር ስትዛወር ተቋረጠ፤ ካርዷ በአንድ ቦታ፣ እርሷ በሌላ ቦታ ሆኑ። አንዳንድ ወር መድኃኒቱ የለም። መድኃኒቱ በተገኘ ጊዜ ደግሞ የሚወጋት ባለሙያ ይፈራል፤ ፔኒሲሊን የወሰደ ሰው በአለርጂ ሲሞት ሰምቷልና ኃላፊነቱን መውሰድ አይፈልግም። ይህን ፍርሃት አቃልዬ አላየውም፤ ከባድ የአለርጂ ችግር ሊደርስ ይችላል። ነገር ግን እጅግ አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ ባለሙያው ከሠለጠነና እንዲህ ላለው አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን የተባለ መድኃኒት በአጠገቡ ካለ በሽተኛዋን «ወደ ከተማ ሂጂ» ብሎ የሚመልስበት ምክንያት የለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን ጨምሮ ብዙውን የወሎ ክፍል ባዳረሰ ጊዜ ደግሞ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ወደሙ፤ በየወሩ መድኃኒት መውሰድ ያለበት ሕመምተኛ ሁሉ የገባበት ጭንቀት በቃላት የሚገለጥ አይደለም። እርሷም ከነዚያ አንዷ ነበረች።

ቀደም ብሎ አግብታ ነበር። እርግዝና የደሙን መጠን በግማሽ ያህል ስለሚጨምር የልብ በሯ ለጠበበ ሴት ትልቅ ፈተና ነው፤ ይህን የነገራት ባለሙያ ያገኘችው ግን ከፀነሰች በኋላ ነው። በእግዚአብሔር ቸርነትና በአንዲት አዋላጅ ነርስ ትጋት ሴት ልጇን በሰላም ተገላገለች። ከዚያ በኋላ ግን እንደቀድሞዋ አልሆነችም። ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋት ተነግሯት ተራ ያዘች፤ ተራዋ ሳይደርስ፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት በክረምቱ ወር አረፈች። ለቀብሯ በዝናብ ውስጥ ከገጠር በእግራቸውና በጭነት መኪና የመጡት የተማሪዎቿ ወላጆች ከከተማው ሰው ይበዙ ነበር።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የእርሷ ሞት ብቻውን የቆመ ቢሆን ኖሮ ሐዘኔን ይዤ ዝም ባልሁ ነበር። ነገር ግን በስድስት የአገራችን ክልሎች በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን በልብ አልትራሳውንድ የመረመሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት ከ1,000 ተማሪዎች ውስጥ 19 ያህሉ ይህ የልብ ሕመም እንዳለባቸው አግኝተዋል። ይህንን ቁጥር ወደ አንድ ትምህርት ቤት አምጥተን እንየው፤ 1,000 ተማሪ ባለበት ግቢ ውስጥ 19 ልጆች ዛሬ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆመው የሰንደቅ ዓላማ መዝሙር ዘምረዋል ማለት ነው፤ አብዛኞቹም ወላጆቻቸውም አያውቁም። በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ይህ ሕመም አለበት፤ በየዓመቱም ከ300,000 በላይ ሰው ይሞትበታል። በበለጸጉት አገሮች ከሞላ ጎደል የተረሳ ሕመም ነው፤ የሚገድለው ድሃውን ነው።

መፍትሔውም የተሰወረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የአፍሪካ ባለሙያዎች ተሰብስበው ይህን ሕመም ከአህጉሩ ለማጥፋት ሰባት ዋና ዋና ተግባራትን የዘረዘሩበት ሰነድ የተጻፈው በዚሁ በአዲስ አበባ ነው፤ ስሙም የዋና ከተማችንን ስም ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የዓለም ጤና ጉባኤ በዚሁ ሕመም ላይ የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል። በኡጋንዳ ሕመሙ ገና በጅምሩ ላይ የተገኘባቸው 818 ልጆች ለሁለት ተከፍለው በተደረገ ጥናት፣ በየወሩ ፔኒሲሊን ከተወጉት መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ ሕመሙ የባሰበት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ካልተወጉት ግን ከመቶ ስምንት ያህሉ ብሶባቸዋል። ይህን የማነሣው እናንተ አታውቁትም ብዬ አይደለም። ወላጆችና መምህራን ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ፣ እርሷ በግማሽ ወረቀት ላይ ትጽፈው የነበረው ማስታወሻ ከአንዲት መምህርት ፍርሃት የመጣ ሳይሆን የተመሰከረለት መንገድ መሆኑን እንዲያውቁ ነው።

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለውን የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል፣ መሥራቹን ዶክተር በላይ አበጋዝንና በዚያ የሚደክሙትን ሁሉ በትልቅ ምስጋና አስባቸዋለሁ። ሕዝባችን በሞባይል መልእክት ሳይቀር ገንዘብ እያዋጣ የቆመለት ሥራ ነው፤ ቀዶ ሕክምናውም መስፋፋት አለበት። ሆኖም ጉሮሮው በታመመ ጊዜ ቢታከም ኖሮ ይድን የነበረውን ልብ ለማስጠገን ሕመምተኛው ዓመታት ወረፋ መጠበቅ፣ የብረት በር ከተተካለት ደግሞ ዕድሜ ልክ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መዋጥና በየጊዜው ደም መመርመር ይኖርበታል። ርካሹ መድኃኒት የመጀመሪያው ነው፤ እርሱም የሚያስፈልገው ልጁ ገና በክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ነው።

ስለዚህ ከትምህርት ሚኒስቴር የምጠይቀው፣ በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ሥልጠና ውስጥ የዚህ ሕመም ምልክቶች እንዲካተቱ ነው፤ ትኩሳት ያለበት የጉሮሮ ሕመም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዞር የመገጣጠሚያ እብጠት፣ ከእኩዮች የተለየ ድካም። በተለይ የስፖርት መምህራን ከኋላ የሚቀረውን ልጅ ከመገሠጻቸው በፊት እንዲጠይቁት ይሠልጥኑ። እርሷ በራሷ ወረቀት ትጽፈው የነበረው ማስታወሻም በየትምህርት ቤቱ በየቋንቋው ታትሞ ይቀመጥ፤ መምህሩ የልጁን ስም ሞልቶ የሚሰጠው ይሁን። የጉሮሮ ሕመም ሁሉ በባክቴሪያ የሚመጣ ስላልሆነ የሚለየው የጤና ባለሙያው ነው፤ የመምህሩ ሥራ ልጁን ማድረስ ብቻ ነው። በአንድ ዴስክ አራት ልጅ የሚቀመጥበትን ክፍል ማስፋት ረጅም ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ፤ መስኮት መክፈት ግን ነገ ይቻላል።

ከጤና ሚኒስቴር የምጠይቀው ደግሞ ይበልጣል። ማስታወሻውን ይዞ የመጣ ልጅ ያለ ክፍያ ታይቶ በዚያው ቀን መድኃኒቱን ይዞ ይመለስ። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከየትኛውም ጤና ጣቢያ እንዳይጠፋ፣ የሚወጋውም ባለሙያ እንዲሠለጥንና አድሬናሊን እንዲኖረው ይደረግ። ልባቸው ክፉኛ ለተጎዳ ሕመምተኞች መርፌው የሚያሰጋ ከሆነ በሚዋጥ መድኃኒት ስለመተካት ባለሙያዎቹ ግልጽ መመሪያ ያግኙ። የሕመምተኞቹ መዝገብ ሰው ሲዛወር አብሮት የሚዛወር ይሁን፤ መምህር፣ ወታደር፣ የቀን ሠራተኛ፣ ተፈናቃይ በአገራችን ከቦታ ቦታ መሄዱ አይቀርምና፣ በሄደበት ሁሉ ወርኃዊ መርፌውን የሚያስታውሰው ተቋም ያስፈልገዋል። ይህ ሕመም ያለባቸው ሴቶች ልጆች ከማግባታቸውና ከመውለዳቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባቸውን በጊዜው ይነገራቸው። በልብ አልትራሳውንድ የሚደረገውን ምርመራ በአንድ ጊዜ በሁሉም ትምህርት ቤት መጀመር አይቻልም፤ በጥቂት ወረዳዎች መጀመርና የተገኙትን ልጆች መርፌ ሳያቋርጡ መከታተል ግን ይቻላል። የሚከታተለው ሳይዘጋጅ ልጅን መርምሮ «ልብህ ታሟል» ብሎ መመለስ ግን በደል ነውና ሁለቱ አብረው ይሂዱ።

አቅም የለንም የሚል መልስ እንደማትሰጡኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ሁለታችሁ ተባብራችሁ ስትሠሩ አይተናልና። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ሲጀመር በአብዛኛው የተሰጠው በትምህርት ቤት ነው። በአማራ ክልል ለትራኮማ የሚሰጠው መድኃኒት ቁመት በሚለካበት ዘንግ እየተመጠነ ቀበሌ ለቀበሌ ሲታደል ኖሯል፤ ልጆች በዘንጉ ሥር ተሰልፈው ተራቸውን ሲጠብቁ ያላየ የወሎ ሰው የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችንም ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ቤት ለቤት ሲዞሩ ኖረዋል። መንገዱም፣ ሰዉም፣ ልምዱም አለ።

ልጇ በዚህ ዓመት አንደኛ ክፍል ገብታለች። እናቷ ያስተማረችበት ትምህርት ቤት ባልደረቦች የጠዋቱን ጥያቄ ዛሬም አላቋረጡትም፤ ለወላጆች ትጽፈው የነበረውን ማስታወሻ ናሙናም በርእሰ መምህሩ ቢሮ አስቀምጠውታል። ባልደረቦቿ ፈቅደውልኝ አንድ ቅጂ በእጄ ይገኛል። ይህን ጉዳይ የሚመለከተው የሥራ ክፍል የትኛው እንደሆነ በይፋ ካሳወቃችሁኝ ቅጂውን ይዤ ለመቅረብ፣ ከወላጆችና ከመምህራን የሰማሁትንም በዝርዝር ለማስረዳት ዝግጁ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የክፍል ጓደኛዋ
ደሴ